የወንድሟ እጆች

ሠዓሊዋ ወንበር ላይ ቆማ፣ የሥዕል ማሳያው መግቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የገዛ ስሟን በምላጭ ትፍቃለች። ስሙ የመዝገብ ሳይሆን የመድረክ ነው፤ «ማዕበል»። እያንዳንዱ ፊደል ክንድ ያክላል።

«ኧረ እትዬ!» አለች የጋለሪው ባለቤት ከታች ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ። «ሰው የሚመጣው እኮ በዚህ ስም ነው!»

«ይምጣ። የሚያየው ግን ሥዕል ነው።»

«በሩ ሊከፈት ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው።»

«እንግዲያው ወንበሩን ደህና አድርገሽ ያዢ።»

በዚያ ስም አሥራ አንድ ዓመት ዘፍናለች። ሳይኬደሊክ ሮክ የሚሉት ነገር ነበር፤ አንድ ዘፈን ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ ጊታሩ ያላዝናል፣ ባለቀለም መብራት ፊቷ ላይ ይቀልጣል። ሦስት ሸክላ አስቀረጸች። ከዚያ አንድ ቀን የባንዱ አውቶቡስ ለኮንሰርት ጉዞ ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቃት «አልሄድም» አለች፤ በቃ። ባንዱ ተበተነ። ኦርጋን ተጫዋቹ ታላቅ ወንድሟ አኮረፈ፤ ኩርፊያው ሃያ ስድስት ዓመት ወሰደ። በእናታቸው ቀብር ላይ እንኳ ጎን ለጎን ቆመው የተነጋገሩት በሰው በኩል ነው። እሷ ቀን ቀን ጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል እየሠራች ሥዕል ተማረች።

በሩ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ።

«ገና አልጀመርንም፣ አባቴ» አለች የጋለሪው ባለቤት።

«ወንድሟ ነኝ።»

ሠዓሊዋ ወረደች። እንደ ሩቅ ዘመድ ተሳሳሙ። የጋለሪው ባለቤት ድንገት ሥራ እንደመጣባት ሰው ወደ ውስጥ ገባች።

«ከወዲሁ ልንገርሽ፣ ሥዕል አይገባኝም» አለ ወንድሟ።

«ግድ የለም፤ ዝም ብለህ እይ።»

እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄደ። ሠላሳ ሁለት ሥዕል፤ ብርቱካንማ፣ ሐምራዊ፣ እንደ ውሃ የሚፈስ አረንጓዴ። በሁሉም ላይ ያለው እጅ ነው። የተነሣ እጅ፣ ሊያርፍ ያለ እጅ። ስድስተኛው ሥዕል ፊት ሲደርስ ቆመ። በልጅነቱ በር ተዘግቶባት የተንሻፈፈችው የቀለበት ጣቱ እዚያው አለች።

«የኔ ነው።»

«ያንተ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።» በቀኝ ጎኗ የቆመውን ወንድሟን ሳይሆን ሥዕሉን እያየች ቀጠለች። «የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት እጅህን እያየሁ ነው የዘፈንኩት። አንዱ ጆሮዬ ጨርሶ ደንቁሮ፣ ሌላውም እየደከመ ነበር። ኦርጋኑን አልሰማውም። እጅህ ሲነሣ እገባለሁ፣ ሲወርድ እተዋለሁ።»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ ቀስ እያልክ ትጫወትልኝ ነበር።»

ወንድሟ እጁን ኪሱ ከተተ፤ መልሶ አወጣው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ምን አልክ?»

ድምፁን ከፍ አደረገ። «በየትኛው ነው የምትሰሚው?»

«በግራው። እሱም በመሣሪያ ነው።»

ከበሩ ውጭ ሰው ተሰልፏል፤ የጋለሪው ባለቤት ቁልፍ እያንቃጨለች ብቅ አለች። ወንድሟ ቀስ ብሎ ከኋላዋ ዞረና በግራዋ መጥቶ ቆመ። ቅድም ያለውን ግን አልደገመውም።