እሱን ሲያይ የሚጠፋው ኮምፒውተር

ሰውዬው በሰፈሩ ያልጠገነው ነገር ቢኖር ፀሐይን ብቻ ነው፤ እሷም እስካሁን ስላልተበላሸች ነው። የገዛ ቤቱ ኮምፒውተር ግን ናቀው። ሚስቱ ስትሠራበት ቀኑን ሙሉ ይበራል፤ እሱ ወደ መኝታ ክፍሉ ብቅ ሲል ድርግም ይላል። አንጀቱን ያሳረረው ደግሞ ከበሩ ውጭ የሚሰማው የሚስቱ ሳቅ ነው። በእሱ ቀልድ ጥርሷን ካሳየች ዓመታት አልፈዋል።

«ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትንከተከቺው?»

«ከማንም! ሰው በኮምፒውተር ይቀናል እንዴ፣ አንተ?»

ቅዳሜ ከሰዓት ቁርጡን ሊያውቅ ተነሳ። ኮምፒውተሩን ከነስክሪኑ ተሸክሞ ሳሎን አመጣው። ብሎኖቹን ፈታ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ማራገቢያውን አጸዳ፤ አንድም እንከን አላገኘም። ስልኳም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እሱንም እንደ ብልጥ ወስዶባታል።

«በይ አሁን ሳቂ!» አለ ሚስቱ ወዳለችበት መኝታ ክፍል ዞሮ፣ መፍቻውን እንደ ጎራዴ ይዞ።

ከመኝታ ክፍሉ ሳቋ ተንጣጣ። እየተሹለከለከ እንደሚሄድ ሌባ በእግሩ ጣቶች ጫፍ ተራምዶ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ።

«ኧረ ቀስ ብለሽ ሳቂ፣ በሩ ላይ ነው» አላት ከውስጥ አንድ ወንድ፣ በሰውዬው በራሱ ድምፅ።