የተዘለለችው ክር

«ማነው ውስጥ ያለው?!»

ገሠሠ የተቆለፈውን በር በጡጫው ደለቀው።

ሲመታ የነበረው ክራር ቀጥ አለ...

ቤቱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ክፍሉ የልጁ የትግሉ ነው።

ትግሉ ደግሞ ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ድምፁ የለም።

ታዲያ ክራሩን ማን ይመታዋል?

ገሠሠን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ድንበሩ አጠገብ፣ ፋሽጋ እርሻ ላይ የሰሊጥ አጫጆች አለቃ ነው። «ቁም!» ካለ ሰው ብቻ አይደለም፣ ትራክተር ይቆማል። አንዴማ ድንበር ማዶ ያለው ትራክተር ሳይቀር ቆሟል አሉ... የጨመርኩት ጨው ብቻ ነው!

ይኸው ሰውዬ በየቀኑ የአስር ሰላት አዛን እንዳበቃ ያን ክራር ሲሰማ ራሱ ባለበት ይቆማል።

ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቱ አማል፣ «ወላሂ አንተ ገሠሠ፣ ጂን ነው! ሼኽ ጥራለት» አለችው።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ እቴ!»

«ጂኑ ሃይማኖትህን መች ጠየቀህ?»

ጠበል አምጥቶ በሩን ረጨው። ሦስት ቀን ጸጥ አለ...

በአራተኛው ቀን ክራሩ ተመለሰ።

ቁልፉ እኮ ኪሱ ውስጥ ነው። ግን ከፍቶ ሰው ቢያጣስ?

መንፈስ ነው ማለት ነው።

መንፈስ ከሆነ ደግሞ... ትግሉ ሞቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ቁልፉን ይዳብሰዋል፣ ይተወዋል።

ሌላ ሰው ነው እንዳይል አመታቱ የትግሉ ነው። ዜማው መሃል ሲደርስ አንዲት ክር ይዘላል። ሁልጊዜ ያችኑ ክር።

ለምን እንደሚዘላት ከገሠሠ በላይ የሚያውቅ የለም...

የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ትግሉ ማጭዱን ጥሎ መምህር ኪዳነማርያም ዘንድ ክራር ሊማር ሄደ። ገሠሠ ከትምህርቱ መሃል ጎትቶ አወጣው።

«ሰሊጥ አንድ ቀን አይጠብቅም! ከረገፈ የሚበላው መሬት ነው! ክራር እንጀራ ይሆንሃል?»

«አባዬ፣ እኔ እንደሳቸው ማስተማር ነው የምፈልገው...»

ዱላው አረፈ።

የልጁ ቀለበት ጣት ተሰበረ። ሲድንም ተጣሞ ዳነ። ከዚያ ወዲያ ክራሩን ሲመታ ሦስተኛዋን ክር ይዘላት ጀመር፤ ጣቱ አይደርስማ።

ብዙም አልቆየ፣ ክራሩን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ካርቱም ገባ። አባትና ልጅ ዳግም አልተነጋገሩም።

አንድ ሐሙስ ቀን ገሠሠ ቆረጠ።

«ሞቶም ከሆነ ልወቀው!»

ቁልፉ ሦስት ጊዜ ሳተው። በአራተኛው ገባ...

በሩ ተከፈተ...

ራሄል!

የአስራ አምስት ዓመት ሴት ልጁ፣ የትግሉ ታናሽ እህት። ክራሩ ጭኗ ላይ ነው፣ ስልኳ አጠገቧ፣ የገባችበት የኋላ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ያባ... ወላሂ ልነግርህ ነበር...»

«ጠበል የረጨሁ ጊዜሳ? ሦስቱን ቀን?»

«ፈተና ላይ ነበርኩ።»

ሳቀ፣ ዓይኑ ግን ክራሩ ላይ ነበር።

«የትግሉን አመታት ከየት አመጣሽው?»

ስልኳን ነካ አደረገችው። መጀመሪያ ያ ዜማ በክራር ተመታ፣ ከዚያ የትግሉ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ራሂ፣ አስራ ሁለት ተማሪዎች አሉኝ! ሠርግም እጠራለሁ። ክራሬ እንጀራ ሆነኝ... ደግሞ ስሚኝ፣ ሦስተኛዋን ክር አትዝለያት። እኔ ጣቴ ስለማይደርስ ነው። ያንቺ ጣት ሙሉ ነው። ይህን ለአባዬ እንዳትነግሪው ግን... ይጸጸታል።»

ድምፁ አለቀ።

ገሠሠ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«መቼ ነው የላከልሽ?»

«ጦርነቱ ሊነሳ ሁለት ቀን ሲቀረው። ከዚያ በኋላ... ምንም የለም።»

«ልጄ አለ ትያለሽ?»

«አላውቅም ያባ።»

ገሠሠ እጁን ሰዶ ሦስተኛዋን ክር ነካት...

«እሱ አትዝለያት ብሎሽ ታዲያ ለምን ትዘልያታለሽ?»

«ካልዘለልኳት የሱ አይመስልማ!»

በማግስቱ እጇን ይዞ መምህር ኪዳነማርያም በር ላይ ቆመ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት።

«ይቺን ደግሞ ወዴት እየጎተትካት ነው?»

«አስተምሩልኝ ብዬ ነው የኔታ። ሰሊጡ ይርገፍ!»

ራሄል ዛሬ ክሮቹን ሁሉ አሳምራ ትመታለች።

ያ በር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልተቆለፈም። አዛኑ ሲያበቃ እዚያው ቁጭ ብላ እንደ ወንድሟ ትመታለታለች። ሦስተኛዋ ክር ላይ ስትደርስ ትዘላታለች...

የጎደለችዋን ድምፅ ገሠሠ ዓይኑን ከደጃፉ ሳይነቅል በአፉ ያዜማታል።

ወዳጆቼ... ሰሊጥ ብቻ አይደለም የማይጠብቀው፣ ልጅም አይጠብቅም። ሙዚቃ መማር ለናንተ ጨዋታ ይመስላችኋል፣ ለልጁ ግን ነገው ሊሆን ይችላል። የከለከላችሁት ልጅ መማሩን አይተውም...

በተሰበረ ጣት ይማራል እንጂ።

እናንተስ? በልጅነታችሁ ከእጃችሁ የተነጠቀው ነገር ምን ነበር?

ወይስ... ነጣቂዎቹ እናንተ ናችሁ? እስኪ አትደብቁኝ፣ ከታች ጻፉልኝ።