አምስተኛዋ ጠርሙስ

የወተት ማሰባሰቢያው በርሜል በሽታ እንዳለበት የታወቀው ሰኞ ዕለት ነው። ሐሙስ ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙ ወተት የሚያስረክቡትን ቤቶች አንድ በአንድ ማዳረስ ጀመረ። አራተኛው ቤት የአማትና የምራት ነበር።

ሐኪሙ የበረዶ ሳጥኑን ግቢው ውስጥ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ባዶ ጠርሙሶቹና ምሳው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ስንት ያልባሉ እናቴ?»

«የኔ ሁለት ፍየልና ሁለት በግ። የምራቴ ደግሞ ያቺ ነጯ» አለች አማትየዋ በአገጯ ወደ ፍየሏ እያመለከተች።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለኝ ብለህ ነው የኔ ልጅ!»

ምራትየዋ መሬት መሬት አየች። ሌላ አለ። ጥቁሯ ፍየል ከቤቱ ጀርባ በአሮጌ ምንጣፍ ተጋርዳ ታስራለች። ከሁለት ወር በፊት ወሯ ሳይደርስ የሞተ ግልገል ጣለች። ያን ቀን አማትየዋን ወገቧን ይዟት ስለነበር ግልገሉን ጎትታ ያወጣችው ምራትየዋ ናት፣ በባዶ እጇ። ጥቁሯ ከዚያም በኋላ ስትታለብ ቆይታ ባለፈው ሳምንት ነጠፈች።

«በሽታው ብሩሴሎሲስ ይባላል» አለ ሐኪሙ። «በግና ፍየል ያስወርዳል። ሰውም ይይዛል። ወተቱ ላይ ቀለም ጠብ አደርጋለሁ፤ ንጹሕ ከሆነ ቀለሙ እንደተበጠበጠ ይቀራል፤ ካልሆነ ከስቡ ጋር ወደ ላይ ወጥቶ ሰማያዊ ቀለበት ይሠራል። ቀለበት የወጣባት ከእኔ ጋር ትሄዳለች።»

«መቼ ትመለሳለች?» አለች ምራትየዋ።

«አትመለስም።»

ነጯን የሰጣት አባቷ ነው፣ የወለደች ሰሞን። አልጋው የአማቷ፣ ድስቱ የአማቷ፣ መጥረጊያው እንኳ የአማቷ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ከልጇ ቀጥሎ «የኔ» ብላ የምትጠራት ነጯን ብቻ ነው። ነጯ ደግሞ እስከ ትናንት ከጥቁሯ ጋር አንድ በረት ስታድር ነው የኖረችው።

አማትየዋ አራቱን ቶሎ ቶሎ አልባ ጨረሰች። ምራትየዋ ሕፃኑን አስተኝታ አምስተኛዋን ጠርሙስ ይዛ በረት ገባች። ቆየች።

«አንቺ! ፍየሏን እያማከርሻት ነው?»

«መጣሁ እማማ።»

«ሌሊቱን ስታቃስት ታድርና ቀኑን ደግሞ ትንፏቀቃለች» አለች አማትየዋ ለሐኪሙ።

ማቃሰቱ እውነት ነው። ከጀመራት ሳምንታት ቢያልፉም አልተዋትም። ማታ ማታ ያተኩሳታል፣ አንሶላው በላብ ይርሳል፣ ጉልበቷንና ወገቧን ይቆረጣጥማታል። ጤና ጣቢያ ሁለቴ ሄዳ ሁለቴም የራስ ምታት ኪኒን ተሰጥቷታል። አማትየዋ ግን ጤና ጣቢያ መሄድ ሳያስፈልጋት ታውቀዋለች። «ማጥባት ነው። እኔ ስድስት ሳጠባ ማን አቃስቺ አለኝ?»

ምራትየዋ ወጣች። ጠርሙሷ ግማሽ እንኳ አልሞላችም።

አማትየዋ ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሳቻት። «ይኸው ነው? ደግሞ ቅጥነቱ! ይቺም ፍየል ሆና!»

«ጠብታ ይበቃናል» አለ ሐኪሙ።

አማትየዋ አምስቱን ጠርሙሶች በትሪ ደርድራ ራሷ ወሰደችለት። መንገድ ላይ ቆም ብላ አዟዙራቸዋለች። ሐኪሙ «የቷ የማን ናት?» ሲል በጣቷ እየጠቆመች የነገረችው እሷ ናት። ምራትየዋ በረቱ በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አየች።

ሐኪሙ ከየጠርሙሱ ወደ ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ቀዳ፤ ቀለሙን ጠብ ጠብ አደረገ። አንድ ሰዓት መጠበቅ ነበረባቸው። ምሳውን በላ።

አራቱ ቱቦዎች እንደተበጠበጡ ቀሩ። አምስተኛው አናቱ ላይ ሰማያዊ ቀለበት አሰረ።

«የቷ ናት?» አለች አማትየዋ።

«ነጯ።»

«አላልኩም? ከገባች ጀምሮ እኮ ነው ነገሩ የተበላሸው። እኔስ ቤቴን አውቃለሁ፤ መጤ ነው ያመጣው!»

ምራትየዋ ቀና ብላ አየቻት።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ቀለሙን ጠብ ያደረግኩት እኔ ነኝ?»

ሐኪሙ በመሀላቸው ደብተሩን ገለጠ። «ጥሬ ወተት የሚጠጣ አለ?»

«እኛ አፍልተን ነው።»

«ሕፃኑስ? ሕፃን ላይ እንዳይከፋ።»

«አምስት ወሩ ነው። ከናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ አልቀመሰም» አለች አማትየዋ ደረቷን ነፍታ።

«እሰይ! እንግዲያው እሱ አያሳስብም» አለና ጻፈ።

ነጯን በገመድ አሰራት። ሳትለመን ተከተለችው፤ የምሳ ዕቃውን ሽታ ወዳዋለች። የሐኪሙ መኪና ጀርባ ክፍት ነው።

ይኼኔ ሕፃኑ አለቀሰ። አማትየዋ ከአልጋ አንስታ አመጣችውና ምራቷ ክንድ ላይ ጣለችው። ሕፃኑ በአፉ የቀሚሷን ቁልፎች ይፈልግ ጀመር። ምራትየዋ ደረቷን በመዳፏ ሸፈነች።

ሕፃኑ ባሰበት።

«አጥቢው እንጂ! ልጁ አንጀቱ እስኪበጠስ ነው የምትጠብቂው?»

መዳፏን አላነሳችም። ሐኪሙም ገመዱን እንደያዘ ዞር አለ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ስለ ፍየል ብለሽ ልጅ ታስርቢያለሽ?»

«ነጯን አላለብኳትም እማማ፤ ያቺን ጠርሙስ የሞላኋት ከራሴ ጡት ነው።»