የመሸኛው ውሃ

ራድካ የመሸኛውን ውሃ በመዳብ ጣሳ ቀድታ ጠረጴዛው ላይ አኑራ ነበር። ሻንጣውን ቆልፋ ቀና ስትል ግን ኔቬና ጣሳውን ደረቷ ላይ ለጥፋ አገኘቻት። ከአራስነቷ ጀምሮ በአደራ ያሳደገቻት ልጅ ናት፤ ዛሬ በማደጎ የተቀበሏት ጣሊያኖች ወደ አገራቸው ሊወስዷት መጥተዋል። በቡልጋሪያዋ ከተማ በፕሌቨን ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ፣ መንገዱ እንደ ውሃ እንዲቀናው እፊቱ የበሩ ደፍ ላይ ውሃ ይፈስለታል። ይህን ወግ ለልጅቱ ያስተማረቻት ራሷ ራድካ ናት።

«አምጪው የኔ እናት፣ መኪናው እየጠበቀ ነው።»

«አልሰጥሽም! ውሃ ሳይፈስ አይኬድም ብለሽኝ የለ እንዴ?»

ይህን ብላ ጣሳውን አፏ ላይ ደፋችው። ውሃው በአገጯ እየወረደ አዲሱን ሹራቧን ሲያርሰው፣ ትን ሲላትም አልተወችውም፤ አንድ ጠብታ ሳታስቀር ጨለጠችው። ከዚያ ባዶውን ጣሳ ገልብጣ አሳየቻት። «ይኸው፣ አለቀ!»

ራድካ ልትቆጣት ፈለገች፤ ግን በቀሚሷ ጫፍ የራሰውን አገጯን ጠረገችላት።

በሩ ላይ የቆመችው ጣሊያናዊት ቋንቋውን አታውቅም። እሷ ያየችው ውሃ የጠማት ልጅ ነው። ፈጠን ብላ ጣሳውን ተቀበለቻት፤ ከቧንቧው ጢም አድርጋ ሞልታም በፈገግታ ዘረጋችላት። ኔቬና እጆቿን ወደ ኋላ ደበቀች። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ጣሳውን ለራድካ አቀበለቻት።

ልጅቱ ወደ ራድካ ተጠግታ ቀሚሷን ያዘች።

«እማማ፣ እኔ ጠገብኩ» አለቻት በሹክሹክታ። «ይሄን ደግሞ አንቺ ጠጪልኝ።»