ለጎርፉ አንድ ሰዓት

ወይዘሮ ይዘንጋሽ ከምክር ቤቱ የፈለገችው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር።

የጅብ ዋሻ ወንዝ በአራት ክረምት ሦስት ማሳ በልቶባታል፤ በሁለተኛው ክረምት ባሏን ከነበሬዎቹ ወስዷል። አሁን ከወንዙ እስከ ቤቷ የቀረው አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ግንብ ካልተሠራለት የሚመጣው ክረምት ቤቷን ጠራርጎ ሠፈሩ ውስጥ ይገባል።

አስቸጋሪው የወሩ ነገር ነበር። ጎርፉ የሚመጣው በሐምሌ ነው፤ ምክር ቤቱ በሐምሌ ዝግ ነው። በጥቅምት ሲከፈት ወንዙን በግ ይሻገረዋል። ስለዚህ ጉዳዩ "አስቸኳይ አይደለም" ተብሎ ከአጀንዳው ግርጌ ይጻፋል፤ ተራው ሳይደርስ ሰኔ ይገባና ምክር ቤቱ ይዘጋል፤ ዝናቡም ይጀምራል። ተራ ለማስቀደም የጉዳዩ ባለቤት ሌሎች አምስት እንደራሴዎችን ማስፈረም ነበረበት።

የአገሯ የሞላሌ እንደራሴ አቶ ሸዋንዳኝ አንድም አላስፈረመም።

"ጊዜ የለንም ይሉኛል። ምን ላድርግ?" ይል ነበር በየዓመቱ።

"እንግዲያው ሱሪዎን ያውልቁና ይስጡኝ፤ እኔ ልሂድልዎ" አለችው ይዘንጋሽ አንድ ቀን በገበያ መካከል። ሰው ሁሉ ሳቀበት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

በ1954 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ለጥቂት ቀን ሲያርፍ፣ አቶ ሸዋንዳኝ አምስት እንደራሴዎችን ለአስተርእዮ ማርያም ንግሥ ጋብዞ በሁለት ላንድሮቨር መጣ። ከእነሱ አንዱ አጀንዳ የሚያወጣው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ አፈወርቅ ነበር። ሸዋንዳኝ በዋዜማው ከገበያ አምስት ወፍራም ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ለእንግዶቹ ስጦታ ገዛ። ለማርያም ደግሞ መጋረጃ አምጥቶ ነበር፤ ታቦቱ ከገባ በኋላ ራሱ ዕቃ ቤት አስገባው። እንግዶቹ ከምሳ በኋላ ሊመለሱ ነው።

ይዘንጋሽ ማንንም ሳታስፈቅድ ምሳ የሚበሉበት ዳስ ውስጥ ገብታ አፈወርቅ ፊት ቆመች።

"እመቤቴ፣ ጊዜ የለም" አላት ጠላውን ሳያስቀምጥ። "ስንት ሕግ ተራ ይጠብቃል።"

"ጊዜ እንዳለዎትማ አሳይዎታለሁ!" አለች፣ ዳሱ ሁሉ እየሰማ።

ብዙም ሳይቆይ ገበዙ መርስዔ ኃዘን ከዕቃ ቤት እየጮኸ ወጣ። የማርያም የብር ጸናጽል ጠፍቷል።

በዚያ አገር እንዲህ ያለ ዕቃ ሲጠፋ አፈርሳታ ይቀመጣል። በዕለቱ በቦታው የነበረ ሁሉ፣ እንግዳም ሆነ ባላገር፣ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ያየ ሰው "ወፍ ነገረኝ" እያለ በስውር ይጠቁማል። ነገሩ ሳይጣራ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

አፈወርቅ ወደ መኪናው ተራመደ። "እኔ የሕዝብ እንደራሴ ነኝ!"

"እኛ ደግሞ ሕዝቡ ነን" አለች ይዘንጋሽ መንገዱ ላይ ቆማ።

ሸዋንዳኝ የአፈወርቅን ክንድ ያዘ። "ተው ወንድሜ። ከአፈርሳታ ጥሎ የሄደ ሌባው እሱ ነው ይባላል። ወሬው አዲስ አበባ ይደርሳል።"

አፈወርቅ እየተነጫነጨ ተቀመጠ።

ጭቃ ሹሙ ኪዳነ ወልድ ዳኛ ሆነ። ባላገሩ አንድ በአንድ ተፈተሸ። ይዘንጋሽ ሁለቴ ተፈተሸች፤ "ለሥላሴ ሦስተኛውን ጨምሩ" አለቻቸው። የእንደራሴ ልብስ ግን ማን ደፍሮ ይፈትሻል?

"ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?" ይላል ኪዳነ ወልድ።

"ጎርፉ በበላው ማሳዬ ጫፍ ድንጋይ ስከምር።"

"አንቺስ?"

"ድልድዩን ጎርፍ ስለወሰደው በጓሳ በኩል ስዞር ረፈደብኝ።"

መቶ ስልሳ ሰው ተጠየቀ። ወንዙን ሳይጠራ የት እንደነበረ መናገር የቻለ አልነበረም።

ብርዱ ሲመጣ ሸዋንዳኝ ባናዎቹን አወረደ፤ ለአምስቱም በቃ። እሱ ወገቤን አሞኛል ብሎ በካፖርቱ እንደተጀቦነ፣ ለማንም ሳይነሣ ተቀመጠ። በማግሥቱ በቀትሩ ፀሐይ እንኳ አላወለቀውም።

"እንግዶቹን ሲያሞቅ ያውቅበታል፤ እኛን ግን ጎርፍ ይውሰደን!" አለች ይዘንጋሽ። ንዴቷ እውነተኛ ነበር።

በዚያ ቀን ወፍ ሁለት ጊዜ መጣች። ሁለቴም የጠቆመችው ይዘንጋሽን ነበር።

"በዳሱ የዛትሽው ምን ልታደርጊ ነው?" አላት ኪዳነ ወልድ።

"ከመኪናው ፊት ልተኛ! ጸናጽሉን ብወስድማ ጊዜ የለም ባለኝ ሰው ጆሮ ላይ አንሿሿው ነበር!"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አፈወርቅ አልሳቀም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ሳይታሰብ "ግንቡ ስንት ክንድ ይሆናል?" ብሎ ጠየቀ። እስኪመሽ ስለ ግንቡ ተነጋገሩ፤ ወንዙንም ወርደው አዩት። አፈወርቅ አሥራ አንዱን እርምጃ ራሱ ቆጠረ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት "ወረቀት አምጡ፤ እፈርማለሁ" አለ።

"እንደ አጋጣሚ ይዤያለሁ" አለ ሸዋንዳኝ፤ በታይፕ የተጻፈ ማመልከቻ ከኪሱ አወጣ። አምስቱም ፈረሙ።

ሸዋንዳኝ ወደ ኪዳነ ወልድ ጠጋ አለ። "ወፍ በእንግዶቹ ላይ አልመጣችም። ይሂዱ እንጂ።"

ኪዳነ ወልድ እንግዶቹን አሰናበተ፤ ለባላገሩ የእሑድ ቀጠሮ ሰጠ። የይዘንጋሽ ስም ለዚያው ቀን አደረ። አምስቱ እንደራሴዎች በአንደኛው መኪና ወደ አዲስ አበባ አቀኑ።

"እኔ ማርያምን ሳልሳለም አልሄድም" አለ ሸዋንዳኝ። ይዘንጋሽን "ይግቡ፣ መንገዴ ላይ ላድርስዎ" አላት።

እያመነታች ገባች። "ፊርማውን ያመጣችው ማርያም ናት" አለችው። "እርስዎማ ምን አደረጉ?"

"እውነትዎን ነው" አለ፤ ካፖርቱን በሁለት እጁ አቅፎ።

ሹፌሩ ቅጣው ሞተሩን አስነሣ፤ መኪናዋ ጎርፉ የቆረጠውን ቦይ ስትዘል ከአቶ ሸዋንዳኝ ካፖርት ውስጥ ጸናጽል ተንሿሿ።