የትሮምቦኑ ማንሻ

አርጋው አዋሳ ፒያሳ ላይ የላምባ ምድጃና የበር ቁልፍ ሲጠግን ሃያ ዓመት ኖሯል፤ ባስ ትሮምቦን እንደሚባለው እንደዚህ አሮጌ ትልቅ የነሐስ ጡሩምባ ያንገበገበው ዕቃ ግን የለም።

ያመጣው ደምሴ ነው፣ የቀበሌው ኪነት ቡድን ነፊ። የትንፋሹን መንገድ የሚቀይረው የቫልቩ ማንሻ ለግራ አውራ ጣቱ አልደርስ ብሎታል፤ ለአብዮት በዓል ደግሞ የቀረው አራት ቀን ነው። አርጋው ልኩን ለመውሰድ የደምሴን ግራ እጅ ወረቀት ላይ አስዘርግቶ ዙሪያውን በኮፒያ እርሳስ ሣለና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ማንሻውንም በዚያው ልክ አጎበጠው።

ምሳ በልቶ ሲመለስ ማንሻው ወደ ሌባ ጣት በኩል ዞሯል።

“ማን ነው የነካካው?” እያለ እየተነጫነጨ መለሰው። በማግስቱ ሱቁን ቆልፎ ወጣ፤ ዞሮ ጠበቀው። በየደው፤ ዞረ። በሦስተኛው ቀን ደሙ ፈልቶ ነቅሎ ጣለውና ከአዲስ ነሐስ ሌላ ቆርጦ ገጠመ። ውሃ ሊጠጣ ጀርባውን ሰጥቶ ሲመለስ እሱም ዞሯል።

ምናልባት ልኩን ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ወረቀቱን አየ። ሥዕሉ ላይ ያለው አራት ጣት ነው። የተፋቀ ነገር የለም፤ አውራ ጣቱ በነበረበት በኩል የእርሳሱ መስመር ሳይቋረጥ ወደ አንጓው ይወርዳል።

ደምሴ ገባ። ትሮምቦኑን አነሳና ማንሻውን በሌባ ጣቱ ጫን ለቀቅ አደረገው።

“ይባረኩ ጋሽ አርጋው፤ አሁን ልክ መጣ።”

“አውራ ጣትህስ?”

ደምሴ አራት ጣት ብቻ ያለበትን ግራ እጁን ገለባብጦ አየ።

“የምን አውራ ጣት?”