ርክክብ

«ወይ አብርር፣ ወይ ሥራህን ልቀቅ!» የፖስታ አውሮፕላን ጣቢያው አለቃ ድሬገር ትናንት ፓይለቱን ሉተርን በዚያ የፔንሲልቬንያ ጉም ውስጥ የሰደደው እንዲህ ብሎ ነው። ሉተር ከነደብዳቤው ተራራ ላይ ተከስክሶ ነደደ።

ዛሬ ጠዋት የጣቢያው ስልከኛ ሃቲ ንዴቷን ውጣ ሥራ ገባች። ጉሙ ገና ስላልለቀቀ ከየትም የተነሣ አውሮፕላን የለም።

ልክ በአራት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። አውሮፕላን ሲያልፍ መደወል በበረራው መንገድ ሥር ያሉ ገበሬዎች ልማድ ነው። «ሃቲዬ፣ አሁን በጣሪያዬ ላይ አለፈ» አሉ ከተራራው ሥር የሚኖሩት ሚስስ ዙክ። «ምነው እንዲህ ዝቅ አለ?»

«የጃጀች አሮጊት! ዝጊው!» አለ ድሬገር፣ ሃቲ ስትነግረው።

ቀጥሎ የደወለው ከማረፊያ ሜዳው አጥር ማዶ የሚኖረው አሞስ ነበር። «አረፈ እኮ! ፓይለቱ የፖስታ ከረጢቱን ተሸክሞ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ከረጢቱ ግን ለምንድን ነው የሚጨሰው?»

ሃቲ የሰማችውን ቃል በቃል ለድሬገር ነገረችው። ፊቱ አመድ መሰለ። «በሩን ቆልፊ! ቆልፊ አልኩሽ!»

ኮቴው ደጃፉ ላይ ቆመ። ሃቲ የርክክቡን መዝገብ አለቃዋ ፊት ዘርግታ ብዕሩን አስጨበጠችው።

«የላኩት እርስዎ ነዎት፤ ፈርመው ይረከቡት» አለችና በሩን ከፈተች።